አርባ ዶሮና አንድ አማካሪ

ፋን ኪምቹ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስልክ ስታነሳ «ሃሎ» ብላ አታውቅም። «መቼ? ስንት ጠረጴዛ?» ነበር የምትለው። ደዋዩ የገዛ እህቷም ብትሆን።

ኪምቹ በምትኖርበት በነይመን ሰው የሚያገባውም፣ ልጁን የሚያስመርቀውም፣ ለአማልክቱ የሚደግሰውም የቀን መቁጠሪያው «መልካም ነው» ባለው ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ መልካም ቀን ሲመጣ መንደሩ ሁሉ ባንዴ ይደግሳል። መንገዱ ይዘጋል፣ ቀይና ሰማያዊ ሸራ ይወጠራል፣ ከሸራው ጀርባ ደግሞ ሰው የሚያክል ድስት በእሳት ላይ ያጉረመርማል። የድግስ አለቆች ያን ቀን ሽንኩርት አያጥራቸውም፣ ዳክዬም አያጥራቸውም። የሚያጥራቸው እጅ ነው። እንደ ኪምቹ ያለ እጅ።

ኪምቹ የማንም አልነበረችም። ዛሬ ለአለቃ ስያው ትሠራለች፣ ነገ ስያው ስሙ ሲጠራ ምራቁን ለሚተፋበት ተቀናቃኙ። የራሷን ቢላዋ፣ የራሷን ሽርጥ፣ የራሷን ቦት ጫማ፣ እንዲሁም ከመሬት አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ የምትል ቀይ የፕላስቲክ በርጩማ በሞተር ብስክሌቷ ጭና ትመጣለች። የተባለችውን ትሠራለች፣ ቢላዋዋን አጥባ ትሄዳለች። ሾርባው ጨው ቢበዛበት የአለቃው ጣጣ ነው። ሙሽራው ቢጠፋ የሙሽራዋ ጣጣ ነው። ኪምቹ ጎደሬዋን ልጣለች።

ልጇ ዩንሹዋን የግብር ቅጽ ስትሞላላት «ሥራ» በሚለው ቦታ «ፍሪላንሰር» ብላ ጻፈች። ኪምቹ ምን ማለት ነው ብላ ጠየቀች።

«ማንም የማያዝሽ ማለት ነው» አለቻት ልጅቷ።

ኪምቹ ሳቀች። እሷን አምስት ሰው ያዛታል።

ግን እጇ ላይ ማንም ያላዘዛት አንድ ነገር ነበር። በዓመት መዝጊያ፣ አሠሪዎች ለሠራተኞቻቸው በሚደግሱበት ሰሞን፣ ሙሉ ዶሮ ተቀቅሎ ከነራሱ ይቀርባል። በዱሮ ጊዜ የዶሮዋ ራስ ወደ አንዱ ሠራተኛ ከዞረ፣ ከበዓል በኋላ አትመለስ ማለት ነበር። አሠሪው አፉን አያበላሽም፣ ዶሮዋ ትናገርለታለች። ዛሬ በዶሮ ሰው የሚያባርር የለም፤ ሠራተኛው ግን ሳህኑ ሲወርድ ዓይኑን ቀና አድርጎ ራሷን ያያል። ኪምቹ ይህን ስለምታውቅ እያንዳንዷ ዶሮ ከመውጣቷ በፊት በግራ እጇ ክንፏን ከፍ፣ በቀኝ እጇ አንገቷን ቀለስ ታደርግና ራሷን ከክንፏ ሥር ታስተኛታለች፤ እናቷ ብብት ውስጥ እንደተኛች ሕፃን። ሁለት ትንፋሽ አይፈጅባትም። ስንት ሺህ ሰው በዚያ እጅ ምክንያት እራቱን በሰላም እንደበላ ሲያስቡት ያስደንቃል። ከነዚያ ሁሉ አንዱም ስሟን አያውቅም።

አምሳ አራት ዓመት ሲሞላት ጉልበቷ አመፀ። ሐኪሙ ከዚያች በርጩማ ካልተላቀቅሽ አንድ ቀን ቁጭ እንዳልሽ ትቀሪያለሽ አላት። ኪምቹ ለጉልበቷ የሚቀባ ነገር ገዛችና በማግሥቱ ለስልሳ ጠረጴዛ ሠርግ ተቀመጠች።

በዚያ ሠርግ ላይ ከእንግዶቹ አንዷ መጸዳጃ ቤት ስትፈልግ ከሸራው ጀርባ ገባች። በካዎሶንግ ከተማ የአንድ ትልቅ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ናት፣ ጅዋንግ ትባላለች፤ ወደ ሠላሳ አምስት ይሆናታል። መጸዳጃውን ረስታ ኪምቹን ትጠይቅ ጀመር። ይሄ ለምን ከዚያ ቀደመ? ያ ለምን ቀዝቅዞ ይወጣል? እንግዶቹ የተረፈውን በፌስታል ሲወስዱ ለምን አያፍሩም? ኪምቹ እጇን ሳታቆም ግማሽ ሰዓት መለሰችላት። በሳምንቱ ስልኳ ጮኸ።

«መቼ? ስንት ጠረጴዛ?»

ጅዋንግ ጠረጴዛ አይደለም አለቻት። ሆቴሉ የዱሮውን የመንገድ ዳር ድግስ አዳራሽ ውስጥ ማቅረብ ሊጀምር ነው፤ የሚፈለገው ምክር ነው። በዓመት መዝጊያ የአንድ ብሎን ፋብሪካ ግብዣ አለ፣ አርባ ጠረጴዛ። እሱ ካማረ ውሉ ለዓመት ይታደሳል። ካላማረ አይታደስም። ኪምቹ ስለ ክፍያው አልጠየቀችም። ወንበሩ ከፍታው ስንት ነው ብላ ጠየቀች።

አለቃ ስያው ይህን ሲሰማ ጭልፋውን ድስቱ ላይ አጋጨው። ሃያ ስድስት ዓመት «አንቺ» ብሎ ሲጠራት የኖረ ሰው ነው፣ ያን ቀንም አልቀየረም።

«አንቺ፣ አማካሪ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ቢላዋው የጠፋበት ሠራተኛ ነው።»

«ቢላዋዬ እዚሁ ነው።»

«እንግዲህ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲሉሽ እንዳትቀየሚኝ» አለና እዚያው ፊቷ ስልኩን አውጥቶ ለጸደዩ መልካም ቀኖች ሁሉ በእሷ ቦታ ሌላ ሰው ያዘ። ስያው ያደረገውን ሌሎቹ አራት አለቆችም ሰምተው አደረጉት። ሆቴሉ ካልሆነላት እንግዲህ የምትመለስበት በርጩማ የለም።

የመጀመሪያው ቀን ኪምቹ ቦት ጫማዋን አድርጋ በሆቴሉ የጓሮ በር መጣች። ዘበኛው ስሟን ዝርዝሩ ላይ ሲያጣ ወደ ፊት ለፊቱ በር ሰደዳት። እዚያ ባጅ አንገቷ ላይ አጠለቁላት፣ ሻይ ክዳን ባለው ሲኒ አቀረቡላት፣ ጀርባው የሚደገፍ ወንበር ሰጧት። ወንበሩ ላይ እግሯ መሬት አልነካም። ጉልበቷ በደስታ ዝም አለ።

እጇ ግን ዝም አላለም። በስብሰባው መካከል ሳህን ሙሉ መንደሪን ነበር። ኪምቹ እየተናገረች አንዱን ላጠች። ከዚያ ሌላውን። ስብሰባው ሲያልቅ አሥራ ሁለት መንደሪን፣ ነጩ ክር እንኳ ሳይቀር ተለቅሞ፣ በእያንዳንዱ ተሰብሳቢ ፊት በመስመር ተደርድሮ ነበር። የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ ሁለት በላ።

በሳምንቱ ደግሞ የባሰ አደረገች። የሆቴሉ ወጥ ቤት ወለል ላይ ቢጫ መስመር አለ። ከዚያ ወዲያ የሚያልፉት የጤና ካርዳቸው እዚያ የተመዘገበ ሠራተኞች ብቻ ናቸው። ኪምቹ አንድ ወጣት ወጥ ሠሪ ጎደሬ ሲልጥ፣ የጎደሬውን ግማሽ ከልጣጩ ጋር ሲጥል አየች። ቻል አድርጋ ቆመች። ወደ ላይ አየች። ወደ ጎን አየች። ከዚያ ቢላዋዋን ከቦርሳዋ አወጣችና መስመሩን አለፈች። ሲደርሱባት አንድ ባልዲ ጨርሳ ነበር።

ጅዋንግ ቢሮዋ ጠርታ በትሕትና አስቀመጠቻት።

«አማካሪ ፋን፣ ጎደሬ እንዲላጥልን ብንፈልግ ኖሮ የሚልጥ ሰው እንቀጥር ነበር። እርስዎን የጠራነው ምን መላጥ እንዳለበት ስለማናውቅ ነው።»

«ጎደሬው ነዋ» አለች ኪምቹ።

ጅዋንግ ሳቋን ዋጠችና ቢላዋው እስከ ግብዣው ቀን ድረስ ከዘበኛው ጋር እንደሚቆይ ነገረቻት። ኪምቹ ወደ ቤቷ ስትሄድ ቦርሳዋ ቀለላት፤ መንገዱን ሁሉ የሆነ ነገር ረስታ የወጣች እየመሰላት ሦስት ጊዜ ቆማ ፈተሸች።

ከዚያ ወዲያ አፏን ብቻ ይዛ መጣች። አፍ ደግሞ እንግዳ መሣሪያ ነው። ቢላዋ ሲቆርጥ ተቆርጧል። አፍ ተናግሮ ሲጨርስ ነገሩ ገና እንደ ነበረ ቁጭ ብሏል። የተናገረችው ሁሉ ቁጥር እየተሰጠው ወረቀት ላይ ሰፈረ፣ ሠላሳ አንድ ነጥብ ሆነ። ፌስታል ይዘጋጅ የሚለው ነጥብ አራት ነበር። የዶሮዎቹ ራስ ክንፍ ሥር ይግባ የሚለው ነጥብ አሥራ ሰባት።

አሥራ ሰባተኛው ላይ የሆቴሉ ዋና ወጥ ሠሪ ሼፍ ቴንግ እጁን አነሳ። ቴንግ ክፉ ሰው አልነበረም። እጁ ወርቅ ነው፣ ወጥ ሠሪዎቹን አይሳደብም፣ ስንኩል ድመት ያሳድጋል። ብቻ ዶሮዋ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ በቀርከሃ ስንጥር ተደግፋ፣ አሁን ልትጮኽ የተነሳች መስላ እንድትቀርብ ይፈልጋል። ፎቶ ላይ ያምራል።

«ያን ነገር ዛሬ ማንም አያምንበትም» አለ።

«አያምኑም» አለች ኪምቹ። «ግን ያያሉ።»

ጸሐፊዋ ከነጥቡ ጎን «ይታሰብበት» ብላ ጻፈች።

ግብዣው እሑድ ቀትር ላይ ሆነ። የብሎን ፋብሪካው አራት መቶ ሠራተኞች የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ በሳሙና ያልለቀቀ ዘይት ጥፍራቸው ሥር ይዘው ገቡ። ኪምቹ አዳራሹ በር ላይ ቆማ እንደ ለመደችው ጆሮዋን ጣል አደረገች። ሳቁ አጭር አጭር ነበር። ከበዓል በኋላ አንዱ የሥራ ፈረቃ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ አለ። አንዲት ሴትዮ ለጎረቤቷ፣ እኔ ዛሬ እዚህ በሚወጣው ዕጣ ላይ ቴሌቪዥን እንዳይወጣልኝ ነው የምጸልየው፣ ዕድሌን እዚያ ላይ እንዳልጨርስ ትላት ነበር።

ከዚያ ኪምቹ ጠረጴዛዎቹን አየች። መካከላቸው ላይ የሚሽከረከር መስተዋት አላቸው። መንገድ ዳር እንዲህ ያለ መስተዋት ብዙ ጊዜ አይኖርም፤ ሳህኑ ካስቀመጡት ቦታ አይነቃነቅም። እዚህ ግን አንዱ ሽሪምፕ ሊያነሳ ባዞረ ቁጥር፣ ዶሮዋ በአሥር ሰው ፊት እየዞረች አንድ በአንድ እያየች ልትቆጥራቸው ነው።

እየተጣደፈች ወደ ወጥ ቤቱ ተመለሰችና ቢጫው መስመር ጋ ቆመች። አርባ ዶሮ አርባ አንገት ቀና አድርጎ ተሰልፏል። ዶሮ ስድስተኛው ምግብ ነው፤ አሁን ሦስተኛው እየወጣ ነበር።

«ሼፍ፣ አሥራ ሰባተኛው ነጥብ።»

«አማካሪ ፋን፣ አሁን ጊዜ የለኝም። ሪፖርቱ ላይ ይጻፉልኝ» አለ ቴንግ ዞር ሳይል።

ጅዋንግን ፈለገቻት። ጅዋንግ አዳራሹ ውስጥ ከፋብሪካው ባለቤት ከአቶ ኮ አጠገብ ተቀምጣለች፣ መድረክ ላይ ንግግር እየተደረገ ነው። ኪምቹ እጆቿን አየች። አርባ ዶሮ፣ ሁለት ሁለት ትንፋሽ። መስመሩን ልለፍ? ጅዋንግ ታስወጣኝ ይሆናል፤ ያም ይሁን። ግን እያንዳንዱ አንገት ውስጥ ስንጥር አለ። እሷ ያስተኛቻትን ቴንግ መልሶ ያስነሳታል። እጇ የማይፈታው ነገር ሲገጥማት በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ለትንሽ ጊዜ ፍርሃቷን እንኳ ረስታ ተደነቀች።

ከመስመሩ ወዲህ፣ እሷ ባለችበት በኩል፣ ወጥ ሠሪዎቹ የሚበሉበት ክብ ጠረጴዛ አለ። እንደ አዳራሹ ሁሉ መካከሉ ይሽከረከራል። ሳህን ላይ ለእነሱ የተተወች አርባ አንደኛዋ ዶሮ ቆማለች፣ አንገቷ ቀና። ዙሪያዋን ደግሞ የእያንዳንዱ ወጥ ሠሪ የውኃ ኩባያ፣ ስሙ በፕላስተር ተጽፎበት፣ ቦታ ቦታው ላይ ተቀምጧል።

ኪምቹ ክዳን ያለውን ሲኒዋን ይዛ ተቀመጠች። ከዚያ በአንድ ጣቷ መስተዋቱን ነካ አደረገችው። ዶሮዋ ዞር አለችና የአንድ ወፍራም ወጥ ሠሪ ኩባያ ላይ ዓይኗን ተከለች።

ወፍራሙ ላቡን እየጠረገ ውኃ ሊጠጣ መጣ። እጁን ዘረጋ። መለሰው። ወደ ኪምቹ አየ፤ ኪምቹ ሻይዋን እፍ እፍ ትላለች። መስተዋቱን ቀስ አድርጎ ወደ ጎረቤቱ ገፋና ውኃውን ሳይጠጣ ሄደ።

ጎረቤቱ መጣ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ትሪ ዳክዬ ያሳረረ ልጅ ነው፤ ዶሮዋን ሲያይ ጆሮው ቀላ።

«ማነው ወደ እኔ ያዞራት?» አለ።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ከመጣች ጀምሮ ወዳንተ ናት» አለ ወፍራሙ ከምጣዱ አጠገብ።

«እውነቱን ንገረኝ፣ ሼፍ የሆነ ነገር ብሎሃል?»

ልጁ ወደ ቀጣዩ ኩባያ አሽከረከራት። የቀጣዩ ኩባያ ባለቤት ነገረኛ ሴትዮ ናት፤ ይህች ዶሮ በነገር የመጣች ናት ብላ አዙራ መለሰችለት። እንዲህ እያለች ዶሮዋ ዞረች። ሰባት ሰው ሲጨቃጨቅ፣ አምስተኛው ምግብ ሊወጣ ተቃርቦ ሳለ፣ ሼፍ ቴንግ ምን ሆናችኋል እያለ ቢጫውን መስመር አልፎ መጣ። ዶሮዋ ያን ሰዓት የቴንግ ስም የተጻፈበት አንድ ትልቅ አረንጓዴ ኩባያ ፊት ቆማ ነበር። ማን እንዳቆማት ዛሬም ድረስ አልታወቀም። ኪምቹ ሻይ እየጠጣች ነበረች።

ቴንግ ነገሩ ሲገባው ከት ብሎ ሳቀ። በዚህ ዘመን፣ አለ፣ ታስቁኛላችሁ፣ አለ። እያለም ኩባያውን አነሳና ከዶሮዋ ፊት ወዲያ አድርጎ፣ ሌላ ጠርዝ ላይ አስቀመጠው።

ሰባቱም ኩባያውን በዓይናቸው ተከተሉት።

«ልክ ነህ ሼፍ» አለች ኪምቹ በለስላሳ ድምፅ። «ማንም አያምንበትም።»

ቴንግ ኩባያውን አየ። እጁን አየ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ እዚህ ግን ገና ቀትር ነው፣ ሆድም ዶሮም አሉ። መስመሩን አልፎ ሄደና ከመጀመሪያዋ ዶሮ አንገት ስንጥሩን መዘዘ። ሰባቱም ተከተሉት። ኪምቹ ከመስመሩ ወዲህ ቆማ ክንፏን ከፍ፣ አንገቷን ቀለስ ስትል፣ አሥራ ስድስት እጅ እሷ ያለችውን ያደርግ ነበር። ዓይኗን ማመን አቃታት። ሁለት እጅ ይዛ የኖረች ሴት ናት።

«አንዷን ተዉአት» አለች በመጨረሻ። «የባለቤቱን ጠረጴዛ። ራሷን ወደ ራሱ።»

ሠላሳ ዘጠኝ ዶሮ ተኝቶ ወጣ። አዳራሹ ውስጥ የአራት መቶ ሰው ዓይን ቀና አለና መልሶ ሳህኑ ላይ ወረደ፤ ትከሻ ሁሉ ትንሽ ዝቅ ያለ መሰለ። አርባኛዋ ዶሮ አቶ ኮ ፊት ቀና ብላ ቆመች። መስተዋቱን የሚያዞር አልተገኘም። ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ በመብያ እንጨቱ ራሷን ቆንጥጦ የገዛ ሳህኑ ላይ አኖረና «ይቺ የኔ ናት» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ከበዓል በኋላ ፈረቃው ተዘጋ ወይስ አልተዘጋ፣ ያን ዶሮ አያውቅም። ያን ቀን ግን አራት መቶ ሰው እስከ መጨረሻው ፍሬ በላ። የተረፈውንም በፌስታል ተሸከመ፤ ነጥብ አራት።

ውሉ ለዓመት ታደሰ። በሪፖርቱ ላይ ከነጥብ አሥራ ሰባት ጎን «ተፈጽሟል፤ ፈጻሚ፦ ሼፍ ቴንግ» ተብሎ ተጻፈ። ኪምቹ ልጇ ስታነብላት ሁለቴ አስደገመቻት። በእጇ ስትሠራ ስሟን የሚያውቅ አልነበረም፤ እጇን ስትሰበስብ ደግሞ ስሙ ለሌላ ሆነ። ነገሩ ትንሽ ቆጠቆጣት። ቢላዋዋን ከዘበኛው ስትቀበል ግን ዘበኛው ከወንበሩ ተነሥቶ በሁለት እጁ ሰጣት።

ጸደይ ላይ፣ ከዓመቱ ሁሉ መልካም የተባለው ቀን ሊገባ ሲል፣ ስልኳ ጮኸ። ስያው ነው። በእሷ ቦታ የያዘው ሰው ጣቱን ቆርጧል። ሰባ ጠረጴዛ አለ። እንድትመጣ አልለመናትም፤ አየሩ እንዴት ነው እያለ ቆየ።

«መቼ?» አለች ኪምቹ።

የራሷን ቢላዋ፣ የራሷን ሽርጥ ይዛ መጣች። በቀይዋ በርጩማ ፋንታ ግን መደገፊያ ያለው ወንበር ሞተሯ ላይ አስራ ነበር። ሴቶቹ ሲያዩዋት፣ እትዬ ኪምቹ ስብሰባ ልታደርጊ ነው፣ ሻይሽን በክዳን እናምጣልሽ እያሉ ተንጫጩባት። እሷ ጎደሬውን ከፍ ካለ ገበታ ላይ አስደርጋ መላጥ ጀመረች። እጇ ውስጥ ቢላዋው እንደ ዓሣ ይዋኝ ነበር። ምንኛ ናፍቋት ኖሯል።

ስያው የጎድን አጥንት ሾርባውን ቀመሰ። ግንባሩን ቋጠረ። እንደገና ቀመሰ። በጎን ዓይኑ ወደ እሷ አየ። ሽታው ኪምቹ ጋ ከደረሰ ቆይቷል፤ ምን እንደጎደለው ታውቃለች፤ ያኔ መስመሩ ጋ እጇን እንደበላት አሁን ምላሷን በላት። ጎንበስ ብላ ልጣጯን ቀጠለች።

«አንቺ» አለ ስያው። «ይሄ ነገር እንዴት ነው?»

«ዛሬ የመጣሁት በእጄ ነው አለቃ» አለች። «አፌን ቤት ትቼዋለሁ።»

ሴቶቹ ፊታቸውን በሽርጣቸው ሸፈኑ። ስያው ጭልፋውን እንደያዘ ቆመ። ሾርባው ይንፈቀፈቃል፣ ከሸራው ማዶ ርችት ይተኮሳል፣ የሙሽሮቹ መኪና ደርሷል። አንድ ጎደሬ ተልጦ እስኪያልቅ ቆመ። ከዚያ ጭልፋውን ሾርባ ሞልቶ፣ እንዳይፈስ በሌላ እጁ ከሥር ደግፎ፣ በቦት ጫማው ውኃውን እየረገጠ እሷ ወንበር ድረስ መጣ።

«እትዬ ኪምቹ» አለ፣ ማንም እንዳይሰማው ዝቅ አድርጎ።

ሁሉም ሰሙት።